ሁለት የግራ እጅጌ

ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን
ከእንግዳ ማረፊያው፣ ሦስተኛ ፎቅ

ለውድ ባለቤቴ፣

«ባለቤቴ» ብዬ ልጀምር ወይስ «የልጆቼ አባት» ልበል እያልኩ ሁለት ወረቀት አበላሸሁ። ሦስተኛውን ላለማበላሸት የፊተኛውን መረጥኩ። ካላማረህ አንተው ሰርዘው። እንደምን ከረምክ? ወገብህንስ ተሻለህ? ወንድምህ ቤት ያለው አልጋ ለወገብ እንደማይሆን ትልቋ ልጃችን ነግራኛለች። እኔ ደህና ነኝ። መቼም ደህና ነኝ ማለት ነው፤ እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ በእርግጠኝነት የማውቀው ነገር የለም።

ስልክ ያልደወልኩት ረስቼህ አይደለም። በስልክ አፌ ይቀድመኛል፣ አንተ ዝም ትላለህ፣ ዝም ስትል እኔ ይብስብኛል። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ አብራን የመጣችው ፀጉር ሠሪ ናት። እናቷ ታመውባት ከኛ ቀድማ ነገ ትመለሳለች።

ስለ ጉዞው ላጫውትህ። «የልምድ ልውውጥ» ነው የሚሉት። ስድስት ነን፤ ሁላችንም የየራሳችን ሥራ ያለን። ጠዋት ጠዋት ሚኒባስ ላይ ይጭኑንና ከአንዱ ሱቅ ወደ ሌላው ያዞሩናል። አስተርጓሚያችን ቋንቋችንን ከመጽሐፍ የተማረች ልጅ ናት፤ መጸዳጃ ቤቱን ስታሳየን እንኳ «የተከበራችሁ እንግዶች» ትላለች። አንድ ጋራዥ ስንጎበኝ ከመካከላችን ብረት ሠሪው ስለ ዘይት ጠየቀ። ባለጋራዡ ስለ ሰላጣና ስለ ጤና ረጅም ማብራሪያ ሰጠው። እኔም እንደ ጅል ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ምን እንደተማርኩ ብትጠይቀኝ ግራ ይገባኛል።

ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ ግን ለየብቻ በየሙያችን መደቡን። እኔን አንድ ልብስ ስፌት ቤት አስገቡኝ፤ አስተርጓሚዋም አብራኝ ትውላለች። ከመንገዱ ሦስት ደረጃ ወርደህ የምትገባበት ጠባብ ቤት ነው። የመቁረጫው ጠረጴዛ ከመስኮቱ ሥር፣ ማሽኑ ከጀርባው። በጠረጴዛው ስልሳ ዓመት ያለፈው አንድ ረጅም ሰው ጠመኔ ጆሮው ላይ ሰክቶ ይቆርጣል፤ በማሽኑ አንዲት አጭር ሴትዮ አፏ ሙሉ መርፌ ይዛ ትሰፋለች። ቀኑን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። ቃሉን አንዱንም አልሰማሁም፤ ጭቅጭቁን ግን ወዲያው አወቅኩት። «ቶሎ በል» እና «ቆይ» ነው። መቀስ ስትፈልግ ዞር ሳትል እጇን ወደ ኋላ ትዘረጋለች፤ እሱም ቀና ሳይል እጀታውን ያስጨብጣታል።

ዓርብ ዕለት አላስችል ብሎኝ አስተርጓሚዋን፣ «በትዳር ስንት ዓመት እንደሆናቸው ጠይቂልኝ፤ ያስቀናሉ በያቸው» አልኳት።

ጠየቀችልኝ። ሴትዮዋ መርፌዎቹን ከአፏ አውጥታ ሳቀች። ሰውየው አልሳቀም።

«ከተፋቱ አሥራ ስድስት ዓመታቸው ነው ይላሉ» አለችኝ ልጅቷ።

ተሳስታ ነው ብዬ ደግማ እንድትጠይቅ አደረግኩ። አልተሳሳተችም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሰውየው ኮቱን ደረበና በግራ በኩል ወጣ፤ ሴትዮዋ ቆልፋ በቀኝ በኩል ሄደች። እኔ መሐል መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ሰው ተፋትቶ እንዴት አንድ ጠረጴዛ ላይ ይውላል? እኛስ፣ ሳንፋታ፣ የኛ የመቁረጫ ጠረጴዛ ሰባት ወር ሙሉ ምን ብሎ ባዶውን ይቀመጣል? ያን ሌሊት እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ወንድምህ ያመጣልኝ የፍቺ ወረቀት ሻንጣዬ ውስጥ ነው። ስመለስ ፈርሜ እሰጥሃለሁ ብዬዋለሁ። ሲፈረም የሚያልቅ ነገር ይመስለኝ ነበር። አሁን የሚያልቀው ምኑ እንደሆነ ጠፋብኝ።

ትናንት ሰውየው መቀሱን አቀበለኝና «ያንን የኮት እጅጌ አንቺ ቁረጪው» አለኝ። እንዴት አልችልም ልበል? የሙያ ሰው ነኝ ብዬ ነው የመጣሁት። እውነቱን አንተ ታውቀዋለህ፤ መጀመሪያ አባቴ ይቆርጥ ነበር፣ ከዚያ አንተ። ዕድሜዬን ሙሉ መቀስ የያዝኩት ክር ለመበጠስ ነው። የእጅጌውን የወረቀት ሞዴል ጨርቁ ላይ ዘረጋሁ፣ በጠመኔ አሰመርኩ፣ ቆረጥኩ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሴትዮዋ አንስታ ከኮቱ ጋር ስታስተያየው ሁለቱም የግራ እጅጌ ሆኑ። ሞዴሉን ሳልገለብጥ ነው የደገምኩት።

ሴትዮዋ በሰውየው ላይ ጮኸች፤ ሳታይ ለምን ሰጠሃት ነው ነገሩ። ሰውየው ጨርቁን እያገላበጠ አየና «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ቆሜ ማየት ነበረብኝ» አለ። ይኸው ነው ያለው። እኔም እንባዬ መጣ። እንዲያው ዝም ብሎ ዱብ ዱብ አለ። አስተርጓሚዋ ደነገጠችና «የተከበሩ እንግዳ፣ ምን ልተርጉም?» አለችኝ።

ነገርኳቸው። የደንብ ልብሱ ሥራ የዘገየ ዕለት፣ ቁልፍ የሚተክሉት ልጆች እየሰሙ፣ «ስፌት ቤቱ የአባቴ ነው፤ አንተ እዚህ ቅጥር ነህ» እንዳልኩህ ነገርኳቸው። ጠመኔውን አስቀምጠህ፣ እጅህን ታጥበህ እንደወጣህ ነገርኳቸው። ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

ሴትዮዋ ረጋ ብላ ሰማችኝ። «ጥፋተኛ ነኝ ብለሽዋል?» አለች።

«አላልኩትም።»

«ታዲያ ለኛ ምን አድርጉልኝ ብለሽ ነው የምትነግሪን?»

ቀጥላም ወደ ሰውየው ጀርባ እያየች ጨመረችበት፦ «እኛም ይቅር ተባብለናል። ከተፋታን በአራተኛው ዓመት። ያኔ እኔ ሌላ ባል አግብቼ ነበር።»

ሰውየው ማስመሩን አላቆመም። ከቀረው ጨርቅ ላይ አንድ የቀኝ እጅጌ አወጣና ወደ ኋላ አቀበላት።

እንግዲህ እኔም ልበለው። ያን ቀን ያልኩህ ሐሰት ነው። ቅጥር አልነበርክም፤ ያን ቤት ያቆምከው አንተ ነህ። ይቅርታ አድርግልኝ። ከዚህ ወዲያ ያለውን ግን እኔም አላውቀውም። ወደ ስፌት ቤቱ ብቻ ተመለስ ልበልህ፣ ወይስ ወደ ቤት? ወይስ ረፍዷል? ወረቀቱን ከሻንጣዬ አወጣዋለሁ፣ አየዋለሁ፣ መልሼ እከተዋለሁ። አልፈረምኩበትም፤ አልቀደድኩትምም።

የምመጣው የፊታችን ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ልጆቹ ትምህርት ስላላቸው አውሮፕላን ማረፊያ እንዳይመጡ ነግሬያቸዋለሁ። እህቴም እንዳትደክም ብያታለሁ። አንተን ግን አትምጣ አላልኩህም።

ወገብህን ይማርልህ። እጅህ አይዛልብህ። ሰላም ዋልልኝ፣ ሰላም እደርልኝ።

አንተ «ጥድፊያ» የምትለኝ