መርከቧ ጥላሽ እንዳትሄድ

ወሎንጎንግ
ሐሙስ፣ ኦገስት 14 ቀን 2025

ለታናሽ እህቴ ለኖሪን፣

ይህን ደብዳቤ ሳትከፍቺ ልትጥይው እንደምትችይ አውቃለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስልኬን አላነሳሽም፤ ጽሑፌን ታነቢያለሽ ብዬ ራሴን አላታልልም። ግን ልጅሽ ሊኔት ባለፈው እሑድ ደውላ፣ «እማዬ መርከብ ላይ ቦታ ይዛለች፤ ሴፕቴምበር ሃያ ከሲድኒ ትነሳለች፤ ብቻዋን ናት፤ እኔ ነገርኩሽ እንዳትያት» አለችኝ። ይኸው ነግሬሻለሁ፣ እሷ ናት። ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ መቀመጥ አልቻልኩም። ብሮክን ሂል ተቀምጠሽ ዝናብ እንኳን በስንት ጊዜ አንዴ የምታዪ ሰው ከባሕር ጋር ምን አገናኘሽ? አንድ ጊዜ፣ ያውም እስከ ግማሽ መንገድ፣ ከእኔ ጋር ሄደሻል። ከዚያ ምንም እንዳልተማርሽ ሊኔት ከነገረችኝ ተረድቻለሁ፤ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ሻንጣሽን አስቢ። ወደቡ ላይ ይቀበሉሽና ካቢንሽ፣ ማለትም መኝታ ክፍልሽ፣ በር ላይ የሚደርሰው ከሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም እራት ሲቀርብ ነው። ይህን የማያውቅ ጅል በየጉዞው አይጠፋም። መድኃኒቱንና የዋና ልብሱን ቆልፎ ያስረክብና ገንዳው ዳር በሱፍ ሹራብ ላቡ እየተንጠፈጠፈ ይውላል። ፓስፖርቱን ከሻንጣው ጋር የቆለፈ ሰውም አይቻለሁ፤ ስልሳ ዓመት አልፎታል፣ የወደቡ በር ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። የደም ግፊት ኪኒንሽን፣ መነጽርሽን፣ ፓስፖርትሽንና አንድ ቅያሪ ልብስ በእጅ ቦርሳሽ ያዢ። ካውያ እንዳትይዢ፤ እሳት ስለሚፈሩ ይወስዱብሻል። ልብስሽ ቢጨማደድ ማንም አይገርመውም፤ ቤትሽ ውስጥም ያው ነሽ።

ካቢንሽ ደግሞ አሥራ ሁለተኛው ፎቅ፣ ከፊት በኩል ነው አሉ። ለመሆኑ ማን መከረሽ? መርከብ ሲወዛወዝ የሚብሰው ላይኛውና ጫፉ ነው። ዛሬውኑ ደውይና ታች፣ መሃል ላይ እንዲቀይሩልሽ ንገሪያቸው። መስኮት የለውም ይሉሻል። መስኮቱ ምን ያደርግልሻል? ውጭው ውሃ ነው። ዝንጅብል ከረሜላ ያዢ፣ ኪኒኑንም ማቅለሽለሽ ሳይጀምርሽ ዋጪው እንጂ ከጀመረሽ በኋላ አይደለም። ግድግዳው ብረት ስለሆነ ማግኔት ያለው ማንጠልጠያ ይለጠፍበታል፤ ሦስት ግዢ። ቁም ሳጥኑ ለአንድ ድመት እንኳ አይበቃም።

ስለ ሰዎቹ ምን ልበልሽ። «ግሬግ ስልሳ ሞላው» የሚል አንድ ዓይነት ካናቴራ ያደረጉ ሃያ ሰዎች ሊፍቱን ሞልተው ይቆማሉ፤ አንቺ በደረጃ ውረጂ። የምግቡ አዳራሽ ውስጥ ፕራውን የሚባለውን የባሕር ምግብና ፓቭሎቫ ኬክ በአንድ ሳህን ላይ የሚቆልሉ አሉ። ሁሉም ጦርነት የመጣ ይመስል ይጋፋል፤ ምግቡ ግን ቀኑን ሙሉ አያልቅም። እጅሽን ታጠቢ፣ ማንም አይታጠብምና። ኬቱትን ታስታውሺዋለሽ? ካቢናችንን ያጸዳ የነበረው የባሊ ሰው። ኮሪደሩ ላይ አንዲት ሴትዮ፣ «እናንተ ሠራተኞች ማታ የት ነው የምታድሩት፣ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ?» አለችው። ኬቱትም ፈገግ እንኳ ሳይል፣ «አዎ እመቤቴ፣ እየዋኘን ነው የምንሄደው» አላት። ሴትዮዋ አምና፣ «አይ ጉዳችሁ» ብላ ሄደች።

በመጨረሻው ምሽት ሻንጣሽን በርሽ ላይ አውጥተሽ ስታስቀምጪ ጠዋት የምትለብሺውን አስቀሪ። ስትስቂ ይታየኛል። ሱሪውን ሁሉ አሽጎ አስረክቦ፣ ጉምሩክ ፊት በፒጃማ የተሰለፈ ሰውዬ ከፊቴ ቆሞ ነበር። ያንን አንቺ አላየሽም፤ አልነበርሽም።

አሁን ወደ ተጣላንበት ወንበር ልምጣ። ገንዳው ዳር ወንበር የሚፈልግ ሰው ከቁርስ በፊት ተነስቶ ፎጣውን ያነጥፋል፣ ከዚያ ሄዶ ይተኛል። ደንቡን የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም። ያን ቀን ለሁለታችን አንጥፌ ስመለስ አንቺ የእኔን ፎጣ አንስተሽ አንድ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ አስቀምጠሽበታል። «ቴልማ፣ ሰውየው ቆሞ ነበር፤ ፎጣ እግሩን አያመውም» አልሽኝ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። እኔም፣ «አንቺ ለማያውቁሽ ሰዎች ነው ደግነትሽ፤ ለእኔ ሲሆን ያልቅብሻል» አልኩሽ። ከዚያ መነጋገር ተውን። በአንዲት ጠባብ ካቢን ውስጥ ሁለት አሮጊቶች እየተኳረፍን መታጠቢያ ቤት እንጠባበቅ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን አታውቂውም፤ ለማንም አልነገርኩትም። እባክሽ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

በዚያው ምሽት ኬቱት የነገውን መርሐ ግብር የያዘውን ወረቀት አልጋዬ ላይ አኖረ። ከሥሩ በደማቁ፣ «ነገ ፖርት ቪላ ወደብ እንደርሳለን፤ ከመተኛትዎ በፊት ሰዓትዎን አንድ ሰዓት ወደ ፊት ያድርጉ» ይላል። አነበብኩት። የእኔን አስተካከልኩ። አንቺ የአባባን የእጅ ሰዓት ራስጌሽ አስቀምጠሽ ተኝተሻል። አየሁት፣ አልነካሁትም። «ጠይቃኝ ትወቀው፤ ብልህ አይደለች» አልኩ በልቤ። ጠዋት ደግሞ ያንኑ ወረቀት ከምግብ አዳራሹ ላነሳሁት የሙዝ ኬክ መጠቅለያ አደረግኩት። ፎጣ በሚያነጥፉት፣ ኬክ በሚሸጉጡት ስቀልድ የኖርኩት እኔው ነኝ። ቢያንስ ይህን ዛሬ አልክድም።

አንቺ ብቻሽን ወረድሽ። የመርከቧ መውረጃ መሰላል ሥር «ሁሉም ተሳፋሪ እስከ አሥር ሰዓት ተኩል ይመለስ» የሚለውን እንዳነበብሽ እርግጠኛ ነኝ፤ አንቺ ማስታወቂያ ሳታነቢ አታልፊም።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ባቡር ጣቢያ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ የሚዘገይ ሰው ስንት ጊዜ በሩ ላይ እንደለመነኝ ቁጥር የለውም። መርከብ ላይ ደግሞ ይህ ጨዋታ ነው። ሰዓቱ ሲያልፍ ሰው መጠጡን ይዞ ላይኛው ፎቅ ይወጣል፣ ብረቱን ተደግፎ እየሮጡ የሚመጡትን ይጠብቃል፤ ያጨበጭባል፣ ያፏጫል። እኔም በየጉዞው ከፊት ነበርኩ። ያን ቀን በድምፅ ማጉያው ስምሽን ሁለት ጊዜ ጠሩት። ወርጄ፣ «ሰዓቷን አላስተካከለች ይሆናል፤ ትንሽ ታገሷት» ማለት እችል ነበር። ቢራዬን ይዤ ቆምኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል መሰላሉ ተነሳ፣ ገመዱም ተፈታ። ያኔ ከገበያው በኩል ብቅ አልሽ። በዝግታ ነበር የምትሄጂው። በአንቺ ሰዓት ገና አሥር ነበራ፤ ግማሽ ሰዓት ቀድመሽ የመጣሽ መስሎሻል። ከዚያ በመርከቧና በወደቡ መሃል ውሃ አየሽና መሮጥ ጀመርሽ። በእጅሽ አንድ የደሴት ቀሚስ ይዘሻል፣ ብርቱካንማና አረንጓዴ፣ የአዳራሽ መጋረጃ የሚያህል፤ እያውለበለብሽው ትሮጫለሽ። ፎቁ በሙሉ ሳቀ። ከጎኔ የነበረው፣ ያ ስልሳ የሞላው ግሬግ ራሱ፣ «ይቺ ደሞ የማን ናት? ታውቂያታለሽ እንዴ?» አለኝ።

«አላውቃትም» አልኩት።

እና ሳቅኩ። ቀና ያልሽው ያኔ ነው፤ አፌ ክፍት ነበር። የሳቅኩትን አይተሻል፣ በእሱም ነው የተቀየምሽኝ። «አላውቃትም» ያልኩትን ግን አልሰማሽም። እኔ ግን በየቀኑ እሰማዋለሁ፣ ኖሪን። አፈርኩብሽ፣ አሁን ደግሞ በራሴ አፍራለሁ።

ሊፉ ደሴት ስንደርስ አልወረድኩም። ለኬቱት መቅረትሽን የነገረው ሰው አልነበረም፤ እኔም አልነገርኩትም። በፎጣ ሠርቶ አልጋ ላይ የሚተዋቸውን እንስሳት እስከ ሲድኒ ድረስ ሁለት ሁለት ያደርግ ነበር፤ በእኔ አልጋ ዝንጀሮ፣ በአንቺ አልጋ ዝሆን። አንቺን ፖርት ቪላ ውስጥ ሦስት ቀን አውሮፕላን አስጠብቀውሽ ነበር አሉ። ከሁለት ወር በኋላ ፖስታ ቤት ጥቅል መጣልኝ፤ ያ ቀሚስ ነው። ደብዳቤ የለውም። ለእኔ የገዛሽው መሆኑን ያወቅኩት በልኩ ነው። አንቺ ውስጡ ትጠፊያለሽ።

ሊኔትን፣ «ለምን ነው እንደገና የምትሄደው?» አልኳት። «ያቺን ግማሽ መንገድ መጨረስ እፈልጋለሁ አለች። ቴልማ ከመጣች ግን ከመርከቡ እወርዳለሁ ብላለች» አለችኝ።

እንግዲህ ስሚ። እኔም እዚያው መርከብ ላይ ቦታ ይዣለሁ። ሦስተኛው ፎቅ፣ መሃል፣ መስኮት የሌለው። መውረድ ከፈለግሽ ውረጂ፤ ተደብቄ ግን አልመጣም፤ ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ። አብረሽኝ አትብይ፤ ኮሪደር ላይ ስታገኚኝ ፊትሽን አዙሪ፤ ይገባኛል። ሰዓት በሚቀየርበት ምሽት ብቻ በወረቀት ጽፌ በበርሽ ሥር አስገባልሻለሁ። የአባባን ሰዓት ታስተካክያለሽ። ብታውቂውም አስገባለሁ።

ፖርት ቪላ ላይ ውረጂ፣ ገበያውን ዙሪ፣ የፈለግሽውን ያህል ቆዪ። ላይኛው ፎቅ ላይ አትፈልጊኝ፤ እዚያ አልኖርም። አንቺ እስክትመለሺ መሰላሉ ሥር፣ ወደቡ ላይ እቆማለሁ፤ ካልመጣሽ መርከቧ ሁለታችንንም ትታ ትሂድ። ቀሚሱን ለብሼ ስለምጠብቅሽ ከሩቅ ታዪኛለሽ። ከላይ የሚስቁም ይሳቁ።

ባሕሩን ጸጥ ያድርግልሽ፣ ጉልበትሽንም ይጠብቅልሽ።

የማውቅሽ እህትሽ፣
ቴልማ