የባለቤቴ አረንጓዴ ሴሎች

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

እግሬ ጄሶ ውስጥ ነው። የስፖርት መምህር ቁርጭምጭሚቱን ሰበረ... ሜዳ ላይ ቢሆን እንኳ ለወሬ ይመች ነበር። የትምህርት ቤቱን ደረጃ ስወርድ፣ ያውም ቀስ ብዬ። ሐኪሙ "ተቀመጥ" አለኝ። ተቀመጥኩ። ቴሌቪዥኑም ስልኩም ሰለቸኝ። ልጃችን ሚጡ ከደብተሮቿ አንዱን አምጥታ "አባዬ፣ ከምትነጫነጭ ጻፍ" አለችኝ። ይኸው እየጻፍኩ ነው።

ባለቤቴ በጠዋት ወጣች። ቁርሷን ቆማ በላች። እንደ ሁልጊዜው።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው በብልቃጥ ሽንት ይዞ መጣ። "እትዬ ላቦራቶሪ አይደል የሚሠሩት? እንዲያዩልኝ ብዬ ነው።" ሳቅ ሊገድለኝ። በስንት ልመና ወደ ጤና ጣቢያ ሸኘሁት።

ራት ላይ ነገርኳት፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ አሰብኩ... እኔስ ከልብስ ሰፊው በምን እሻላለሁ?

"ግን አንቺ በትክክል የምትሠሪው ምንድን ነው?"

"አሁን ገና ጠየቅከኝ?"

"አሁን ገና ጊዜ አገኘሁ።"

ማንኪያዋን አስቀመጠች። ሴል ውስጥ ዋናው ጽሑፍ ዲኤንኤ ነው አለች፤ ከተቀመጠበት አይነሳም። ሲያስፈልግ ግልባጭ ይወጣለታል፣ ግልባጩ አርኤንኤ ይባላል። ሥራ የሚሠራው በግልባጩ ነው። እና ሴሉ አንዳንዴ ግልባጩ ላይ ፊደል ይለውጣል። ዋናውን ሳይነካ።

"ማን አዘዘው?"

"ማንም። ለዚሁ ሥራ የተፈጠረ ኢንዛይም አለው።"

"የማን ሴል?"

"የአይጥም፣ የላምም፣ ያንተም። አሁን እያወራን እንኳ ጭንቅላትህ ውስጥ እየሠራ ነው።"

"እኔ ጭንቅላት ውስጥ ሥራ አለ ማለት ነው?"

ቀልዴን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። የአንጎል ሴሎች ውስጥ አንድ ቦታ አለ አለችኝ። እዚያ ቦታ አንዷ ፊደል ካልተለወጠች የአይጥ ግልገሎች በተወለዱ በጥቂት ሳምንት እየተንፈራገጡ ይሞታሉ። አንድ ፊደል ብቻ! ይህን ስትነግረኝ ፊቷ... ስንጋባ እንኳ እንዲህ አላበራም።

የካቲት 7፣ አርብ

ጭንቅላቴን እየዳበስኩ ዋልኩ። እዚህ ውስጥ? አሁን?

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ባልደረባዋ እግሬን ሊጠይቅ ብርቱካን ይዞ መጣ። ትልቅ ሰው ነው፣ የልጆች አባት፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ግን "ችኩሌ" ይሉታል። ብርቱካኑን ራሱ ልጦ ራሱ በላው።

ሁለቱ ሆነው አስረዱኝ። አንዳንድ ሰው ከአንዲት የተሳሳተች ፊደል የተነሳ ታሞ ይወለዳል። ዋናውን ጽሑፍ መነካካት ያስፈራል። ግልባጩ ላይ ብቻ ብትስተካከልስ? ኢንዛይሙ እንደሆነ ሴሉ ውስጥ አለ፤ የጎደለው "እዚህ ጋ ና" የሚለው ነው። ስለዚህ መሪ የሚሆን አጭር የአርኤንኤ ቁራጭ ሠርተው ለሴሉ ይሰጡታል። መሥራት አለመሥራቱን በምን ያውቃሉ? ብርሃን የሚሰጥ ፕሮቲን አለ። የእሱን ጽሑፍ አንድ ፊደል አበላሽተው ከአይጥ በተገኙ ሴሎች ውስጥ ያስገቡታል። በተበላሸው ጽሑፍ ሴሉ አይበራም። ግልባጩ ላይ ፊደሏ ከተስተካከለች... አረንጓዴ!

ችኩሌ ፎቶውን ከስልኩ አሳየኝ። አረንጓዴ በአረንጓዴ። ባለፈው ወር የተገኘ ነው። በዚህ ወር መጨረሻ ገምጋሚዎች ፊት ይቀርባል፤ ሥራው ይቀጥል ወይም ይዘጋ የሚሉት እነሱ ናቸው።

"እትዬ ስማቸው ሊጠራ ነው!" አለ ችኩሌ። እሷ የብርቱካን ልጣጭ እየለቀመች ነበር።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ከሰዓት በኋላ ሳይታሰብ መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ቁጭ።

"ምን ሆንሽ?"

"መሪ ያልሰጠነው ሳህን በራ።"

መጀመሪያ አልገባኝም... ሴሎቹን የሚያሳድጉበት ሳህን መሪ ካልተሰጠው ጨለማ መሆን አለበት። እሱም ከበራ ብርሃኑ የመጣው ከሌላ ነገር ነው። ለአለቃዋ ስትነግራቸው "ጥቂት ነው፣ ነጸብራቅ ይሆናል፣ ተይው" አሏት።

"ታዲያ አትተዪውማ?"

"እንዴት ብዬ ልተወው?"

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

በዕረፍት ቀኗ ሄዳ ዲኤንኤውን ፊደል በፊደል በማሽን አስነበበች። የተበላሸው ጽሑፍ ያለበት ቱቦ ውስጥ ጤነኛውም ተቀላቅሎ ተገኘ። በቃ። ኢንዛይሙ ምንም አላስተካከለም። ቀድሞውኑ ጤነኛ የሆነ ነገር ነው የበራው። ያ ሁሉ አረንጓዴ ውሸት ነው።

አላለቀሰችም። ሚጡን ፀጉሯን ሠራቻት። በጣም አጥብቃ መሰለኝ፤ ልጅቷ "እማዬ አመመኝ" አለች።

የካቲት 25፣ ማክሰኞ

አለቃዋ "መጀመሪያ አቅርቢው፣ በኋላ እናጣራለን" አሏት። ሥራው ከተዘጋ ስንት ሰው ነው የሚበተነው? ሰውየውም ጨንቋቸው ነው...

"ምን ልታደርጊ ነው?" አልኳት።

"ሸሚዜን ልተኩስ ነው።"

"ሌላ ማንም አያውቅም እኮ" አልኳት። ለምን እንዳልኩ እንጃ። ለእሷ ፈርቼ ይሆናል።

ካውያውን አቆመች። "እኔ አውቃለሁ። አንተም አሁን አወቅህ" አለች። ቁጣ አልነበረባትም። ወደ ኮሌታው ተመለሰች።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ሄድኩ። ግምገማው ላይ፣ በክራንች። ፊተኛው ረድፍ ዳር ላይ እግሬን መተላለፊያው ላይ ዘርግቼ ተቀመጥኩ፤ ያለፈ ሁሉ "ይቅርታ" ይለኛል። ችኩሌ አጠገቤ ነው። አለቃዋ ተነስተው አሞገሷት። "ምስሉን አሁን ታዩታላችሁ" አሉ።

ተነሳች። አረንጓዴውን ምስል ግድግዳው ላይ አሳየች።

"የላክንላችሁ ይህን ነው። ስህተት ነው።"

ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። የወንበር ሲጥሲጥታ ሰማሁ። ከዚያ ያንን ሳህን አሳየች፣ ከዚያ የዲኤንኤውን ንባብ። እንዴት እንደተሳሳቱ ደረጃ በደረጃ፣ ሚጡን ሒሳብ እንደምታስረዳት አድርጋ ነገረቻቸው። አለቃዋ ወለሉን ያያሉ።

ፀጉራቸው የሸበተ ገምጋሚ ሴትዮ "ቱቦውን ያበላሸው ማነው?" አሉ።

የችኩሌ ትንፋሽ ቆመ። ለካ እሱ ነው!

"የኛ ቱቦ ነው" አለች። "እኛ ነን።"

"ስህተቱንስ ማን አገኘው?"

"እኛው።"

እኛው! አንቺ ነሽ እንጂ! ልጮህ ምንም አልቀረኝም። ክራንቼን ጨበጥኩ። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ አዩዋት።

እስከ ሰኔ ጊዜ ተሰጣቸው። ካልሆነ ይዘጋል።

ስንወጣ ችኩሌ መኪናው ድረስ ክራንቼን ተሸከመልኝ። እኔ በአንድ እግሬ እየዘለልኩ... ክራንቹ እኮ ለኔ ነበር። አላስተዋለም። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

መጋቢት 10፣ ረቡዕ

ፍሪጁን ሙልጭ አድርገው አጸዱ። አሮጌውን ቱቦ ሁሉ ጣሉ። እንደገና ሀ ብለው ጀመሩ። አለቃዋ ሰላምታ ነፍገዋታል። እሷ ግን በየጠዋቱ "እንደምን አደሩ" ትላቸዋለች አሉ። ችኩሌ ነው የነገረኝ።

መጋቢት 24፣ ረቡዕ

ጄሶው ተፈታ። እግሬ የሌላ ሰው እግር መስሏል።

የእሷ ሳህኖች ጨለማ ናቸው። መሪውን አሳጠሩት፣ አስረዘሙት... ጨለማ።

"ተስፋ ቆረጥሽ?"

"ቢያንስ አሁን ጨለማው እውነተኛ ነው" አለችና ቁርሷን ጨረሰች። ቁጭ ብላ። ለካ እኔ ስላቀረብኩላት ነው ቁጭ ያለችው።

ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ

በምሳ ሰዓት "ና" አለችኝ። እያነከስኩ ላቦራቶሪዋ ሄድኩ። ነጭ ጋውን አለበሰችኝ፤ እጅጌው ክርኔ ላይ ቀረ። መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል ናት፣ ችኩሌ መብራት አጠፋ። ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበስኩ።

"ምንም አይታየኝም።"

"ቆይ፣ ዓይንህ ይልመድ።"

ቆየሁ... አንድ። ከዚያ ሌላ። እዚህም እዚያም፣ ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ። እንደ ፎቶው አይደለም፣ እፍኝ አይሞላም። ግን ሕይወት ያለው ነገር ነው! በዓይን የማይታይ ነገር፣ ግልባጩን አንስቶ፣ ከዚያ ሁሉ ፊደል መሃል አንዷን ለይቶ... እንዴት አወቃት?

"መሪ ያልተሰጠውስ?" አልኩ።

ችኩሌ በሳቅ ፈነዳ። "ጋሼ ተመራማሪ ሆኑ!"

እሷ ግን አልሳቀችም። ሳህኑን ቀየረችልኝ። አየሁ፣ ደግሜ አየሁ። ድቅድቅ ጨለማ።

ዲኤንኤውንም አስነብባዋለች። ዋናው እንደተበላሸ ነው። ግልባጩ ላይ ፊደሏ ተለውጣለች።

አለቃዋ ገቡ። አጎንብሰው ብዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ "ስለዚያ ቀን..." ብለው ጀመሩ።

"እሱን ይተዉት" አለቻቸው። "ሌላኛውንም ሳህን ይዩልኝ።"

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ

ወደ ሥራ ተመለስኩ። እሷ ደግሞ ናሙናዎቹን ለማያውቋት ሰዎች፣ ለሌላ ላቦራቶሪ ላከች። የትኛው ናሙና መሪ እንደተሰጠው ሳትነግራቸው፣ ቁጥር ብቻ ለጥፋ።

"አንቺው አየሽው አይደል?"

"እኔማ እንዲሆን እፈልጋለሁ። እንዲሆን የሚፈልግ ሰው ዓይን አይታመንም።"

ይቺን ሴት ማነው ለኔ የሰጠኝ?

ግንቦት 12፣ ማክሰኞ

ከምሳ በፊት ሴቶቹን ተማሪዎች ሜዳ ላይ እያስሮጥኩ ነበር። ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት። በሥራ ሰዓት ደውላ አታውቅም። ሚጡ ምን ሆነች?

"ሆነ" አለችኝ።

"ምኑ?"

"የላክሁት። የትኛው መሪ እንደተሰጠው፣ የትኛው እንዳልተሰጠው አንድም ሳይስቱ ለዩት። ፊደሏ ተለውጣለች። ዋናው አልተነካም።"

"አለቃሽ ምን አሉ?"

"ገና አልነገርኳቸውም።"

"ችኩሌስ?"

"እሱም አልሰማም።"

"ታዲያ ለማን ነገርሽ?"

"ላንተ" አለች።

ሣሩ ላይ ተቀመጥኩ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም፤ የረባ ነገር አልነበረም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ጆሮዬ ላይ ይዤው ቆየሁ።

ቀና ስል ልጆቹ አሁንም እየሮጡ ነው። ፊሽካ መንፋት ረስቻለሁ። ፊታቸው ቲማቲም መስሏል።

"ቲቸር! ስንት ዙር ቀረን?" ብላ ጮኸች አንዷ፣ በፊቴ ስታልፍ።

"ጨርሳችኋል!" አልኩ። "ጨርሳችኋል ልጆቼ! ኑ፣ ቁጭ በሉ። ባለቤቴ ምን እንደሠራች ልንገራችሁ።"