ለሞስ የላክኸው ትንፋሽ

ውድ ክላሪ፣

ጤናህ እንዴት ነው ብዬ አልጀምርም። ስትሮኩ አንደበትህን ይዞት እንደሄደ ሲስተር ላቪኒያ ነግራኛለች፤ መናገር በምትችልበት ዘመንም ቢሆን «አለሁ» ከማለት አልፈህ አታውቅም። ይህን ደብዳቤ የምታነብልህ እሷ ስለሆነች ስድቡን ቀነስ አድርጌዋለሁ።

የምጽፍልህ ትናንት ቅዳሜ የደወልንልህ ስልክ ከተዘጋ በኋላ የሆነውን ስላላየህ ነው። አንተ በዚያ በኩል ጣሪያ እያየህ፣ ምን ሆኑ ይሆን ስትል እንደዋልክ አውቃለሁ። በዚህ በኩል ያለነውም ከዚያ የተሻለ ነገር አልሠራንም።

መጀመሪያ የውሻህን ነገር። አምቡላንሱ አንተን ከወሰደህ ወዲህ ሞስ እኔ ጋ ነው፤ «እኔ ጋ» ማለቴ ግን ጉራ ነው። ያ ጥቁር ሰውነቱ በረንዳዬ ላይ ተጋድሟል፣ ልቡ የት እንዳለ እንጃ። ምግብ አይነካም። የታሸገ ገዛሁለት፣ የበግ ጉበት ቀቀልኩለት፣ በመጨረሻ የራሴን እራት አቀረብኩለት። አሽትቶ ፊቱን ያዞራል፤ ልክ እኔ ላብስል ያልኩ ቀን አንተ እንደምታዞረው። የእንስሳት ሐኪሟ አፉንም ሆዱንም አይታ፣ «በሽታ የለበትም» አለችኝ።

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?»

«ሰውየውን ነው የሚፈልገው። የዳክዬ አደን ወቅት መክፈቻው ደርሷል፣ ወደ ሥራው ውሰደው። ውሃ ውስጥ ከገባ ይበላ ይሆናል። በዚህ ከቀጠለ ግን ብዙ አይቆይም፤ እኔም ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም።»

ያን ሁሉ ዓመት ተምራ እዚህ ላይ ሲያልቅባት፣ እኔና እሷ እኩል ሆንን።

ስለዚህ ጨለማው ሳይገፈፍ ባንተ ፒክአፕ ወደ ዋይሆላ ረግረግ ወረድን፤ ሞስ፣ እኔና የሚስትህ ወንድም ኔቪል። ኔቪልን ለምን ወሰድከው እንዳትለኝ። አልወሰድኩትም፤ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ አገኘሁት።

ማይማይ የምንለው የአደን ጎጇችን አልወደቀም። ያ ከአሮጌ ቆርቆሮና ከሸምበቆ የገጣጠምነው መደበቂያ፣ ዳክዬ በጭራሽ አያየንም ብለን የምንምልበት፣ በመንገዱ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ግን እጁን የሚያውለበልብልን፣ እንዳለ አለ። እውነተኞቹን የሚያታልሉትን የፕላስቲክ ዳክዬዎች ውሃው ላይ በተንን። ኔቪል ቋሊማ ጠበሰ። ሞስ ወንበርህ ሥር ገብቶ ተኛ፤ የቋሊማው ሽታ እንኳ ጆሮውን አላነቃነቀውም።

ሲነጋጋ ከረግረጉ ዙሪያ ተኩሱ ተጀመረ። ድምፁን የሰማ ጦርነት ነው ይላል፤ የሞተውን የቆጠረ ግን ያፍርብናል። እኔ አንድ መታሁ። አዎ፣ እኔ። ሲስተር፣ ይህን ደግመሽ አንብቢለት። አንገቱ አረንጓዴ የሆነ ወንድ ዳክዬ ከሸምበቆው ባሻገር ክፍቱ ውሃ ላይ ወደቀ።

«ሂድ» አልኩት ሞስን። አየኝ። «ሞስ፣ ሂድ አምጣ እንጂ የኔ ጌታ።»

«እየለመንከው ነው እንዴ?» አለ ኔቪል። «ውሻ ይታዘዛል እንጂ አይለመንም።»

«በል አንተ እዘዘዋ።»

ኔቪል ተነሳ፣ ደረቱን ነፋ፣ እንደ ጄኔራል ጮኸ። ሞስ አዛጋ።

«ደንቁሯል» አለ ኔቪል እየተቀመጠ።

«ቢደነቁርማ ያንተን ወሬ ችሎ በሰላም በኖረ።»

ያን ጊዜ ነው ፉጨትህ ትዝ ያለን። ያቺ በፊት ጥርስህ ክፍተት የምትወጣው፣ የሰው ውሾች ሳይቀሩ ውሃ ውስጥ የሚወረወሩላት። እኔ ሞከርኩ፤ ምራቅ ወጣ። ኔቪል ሞከረ፤ ሰው ሠራሽ ጥርሱ ወጣ።

«ክላሪ ጋ እንደውል» አለ ጥርሱን በሱሪው እየጠረገ።

«ሰውየው አይናገርም እኮ።»

«ተናገር ማን አለው? ያፏጭ።»

ኔቪል በዕድሜው አንድ ቁም ነገር ከተናገረ ይሄ ነው ብዬ ደወልኩ። ላቪኒያ ስልኩን ጆሮህ ላይ አደረገችልህ። «ሰምቷችኋል፣ ዐይኑን ገልጧል» አለች። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ሞስ ፊት አስቀመጥኩት።

የመጣውን ታውቃለህ። ፉጨት አልነበረም፣ ትንፋሽ ነው። ፍ... ፍ... እንደተበሳ ጎማ። እኔ ኔቪልን አየሁ፣ ኔቪል ዳክዬውን አየ፤ ነፋሱ ወደ መሃል እየወሰደው ነበር። እኔ አላፏጭልህ ነገር አልችልም፤ በቃ ተወው እንዳልልህ ትሰማኛለህ። «ክላሪ፣ በርታ» አልኩህ። ከዚህ የባሰ የማይረባ ቃል ቢኖር ኖሮ እሱንም እል ነበር። «አላበው፣ ይረፍ» አለች ላቪኒያ፣ ስልኩም ተዘጋ።

ያላየኸው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሞስ ተነሳ። ስልኩን አሸተተው፣ ላሰው፣ ከዚያ ማንም ምንም ሳይለው ውሃው ውስጥ ገባ። ከስቷል ክላሪ፣ ጎኑ የልብስ መስቀያ መስሏል፤ ነፋሱም እየገፋው ነበር። የጎማ ሱሪዬን ለብሼ ውሃው ደረቴ እስኪደርስ ተከተልኩት። ከዚያ ወዲያ አንድ እርምጃ ብራመድ ኖሮ ሰምጬ፣ የሐዘን ደብዳቤ የምትጽፈው አንተ በሆንክ። ቆሜ ከማየት ሌላ የምሠራው አልነበረኝም። ጭንቅላቱ ከሸምበቆው ጀርባ ጠፋ።

ሲመለስ ዳክዬውን ይዟል።

«ጎበዝ፣ ና ወዲህ» አለ ኔቪል ዐይኑን እየጠረገ። ነፋሱ ነው ብሏል፣ ጻፍልኝም ብሏል። ሞስ ግን አለፈን። እኔንም፣ ኔቪልንም፣ ማይማዩንም አልፎ ጭቃውን ወጣና በፒክአፕህ፣ አንተ በምትወርድበት በሹፌሩ በር ሥር ቁጭ አለ፣ ዳክዬው አፉ ውስጥ እንዳለ። «ልቀቅ» አልኩት። «ስጠኝ» አልኩት። ኔቪል ተንበርክኮ «እባክህ» አለው። ማን ሰምቶን። ቤት ድረስ ዳክዬውን ነክሶ በመካከላችን ተቀምጦ ተጓዘ፤ ላባው አንገቴ ውስጥ ገብቶ አለቀ።

ዛሬ እሑድ ነው፣ እንደዚያው ነው። ሲደክመው በረንዳው ላይ ያስቀምጠውና አገጩን ይጭንበታል፤ እጄን ስሰድ መልሶ ያነሳዋል። ውሃው ውስጥ ገብቷል፣ ሐኪሟ ያለችው ሆኗል፣ ምግብ ግን አሁንም አልቀመሰም። ዳክዬው መሽተት ጀምሯል።

ያለህበት ማገገሚያ ቤት ውሻ ማስገባት ክልክል ነው አሉኝ። የሞተ ዳክዬስ ብዬ ብጠይቅ ስልክ ያነሳችው ሴትዮ ዘጋችብኝ። ከመስኮትህ ውጭ ስላለው ሣር ግን ማንም ምንም አላለም። ይህን ደብዳቤ ዛሬ ማታ ለላቪኒያ በር ላይ እሰጣታለሁ፤ ነገ ከቁርስ በኋላ እዚያ ሣር ላይ እንቆማለን።

ሞስ የተመታ ዳክዬ ይዞ ሲመጣ ምንም አትለውም ነበር፤ መዳፍህን ብቻ ትዘረጋለታለህ። ቀኝህ እንደማይታዘዝህ አውቃለሁ። ግራህን በመስኮቱ አውጣለት። መያዝ ካቃተህ ይውደቅ፣ እሱ ይልቀቀው እንጂ። ከዚያ በኋላ ይብላ አይብላ፣ እኔም ሌላ የማውቀው የለኝም።

ሲስተር መስኮቱን ትክፈትልህ። ጠዋት ብርድ ነው፣ ሹራብ ደርብ።

ጓደኛህ
ስታን