«እናትዎን ያስወጡ» ስለተባለችው የሁለት ዓመት ተከራይ

ለዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች መኖሪያና ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ ከእጅዎ ሲገባ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ያለ ማንም ፈቃድ በአንድ ጣሪያ ሥር አብረዋችሁ የሚያድሩት ልጆችዎ በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በሕዝብ ጤና የሁለተኛ ዲግሪ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ስሆን፣ ከልጄ ጋር በሕንፃ አራት፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ የማይዘጋ መስኮት ባለው ክፍል ውስጥ እንኖራለን። ስለ እኛ ጤንነት ግን አይጨነቁ፤ እስካሁን ተጨንቀው ስለማያውቁ አሁን መጀመር ይከብድዎታል።

የምጽፍልዎ ለማመስገን ነው። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብዎ በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ።

፩. ጽሕፈት ቤትዎ ልጅ ላላቸው የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ስለ ቤት ኪራይና ስለ ልጅ ማቆያ ወጪ አያያዝ ሥልጠና አዘጋጅቶ ስለጠራን አመሰግናለሁ። ሥልጠናው የተሰጠው ማታ፣ የሕፃናት ማቆያዎች ሁሉ ለዕለቱ ከተዘጉ በኋላ ሲሆን፣ በጥሪው ወረቀት ግርጌም ልጅ ይዞ መግባት እንደማይቻል በደማቁ ተጽፎ ነበር። በመሆኑም ልጅ ላላቸው በተዘጋጀው ሥልጠና አዳራሹን የሞሉት ልጅ የሌላቸው ናቸው፤ ብስኩቱንም የበሉት እነሱ ናቸው። እኔ ልጄን ለሕንፃችን የጽዳት ሠራተኛ፣ እሷ «አክስቴ» ለምትላቸው ሴት፣ አደራ ሰጥቼ ገባሁ። የታደለን የበጀት ቅጽ ለስልክ፣ ለጸጉር፣ ለጉዞ ሳይቀር መስመር ሲኖረው ለልጅ ግን አልነበረውም። አሠልጣኙን ብጠይቃቸው፣ ለጊዜው «መዝናኛ» ከሚለው ሥር እንዳስገባት መከሩኝ። ሳል ይዟት ሦስት ቀን ሙሉ ከክንዴ ላይ ሳትወርድ የከረመችበትን ሳምንት አስታውሼ፣ ምን ያህል ስዝናና እንደኖርኩ ያን ጊዜ ገባኝ። እንዳሉኝም ጻፍኳት።

፪. እኚሁ አሠልጣኝ የሞላሁትን ቅጽ አይተው፣ ከግቢ ውጭ ብከራይ ኪራዩ የወር አበሌን ጠራርጎ እንደሚወስድ፣ የግል ማቆያ ክፍያ ደግሞ ከሌለው ላይ እንደሚቀነስ በቀይ እስክሪብቶ አረጋግጠውልኛል። ይህንንማ ያለ ሥልጠናም አውቀው ነበር። መፍትሔው ምንድን ነው ስላቸው ግን ዝም አላሉም፤ እስክመረቅ ድረስ ልጅቷን አያቷ ጋ እንድልካት ሐሳብ አቀረቡ። እናቴ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል አልኳቸው። እንግዲያው በአባቷ በኩል ይሁን አሉ። በአባቷ በኩል ስላለው ነገር እዚህ አልጽፍም፤ ቅጹ ለእሱም መስመር የለውም።

፫. ዋናው ምስጋናዬ ለደንብዎ ነው። በመኖሪያ ደንብዎ መሠረት ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ «የተማሪው ጓዝ» ይባላል፤ ሁለት ዓመት በሞላው ዕለት «ነዋሪ» ይሆናል፤ የእኛን የመሰለ ክፍል ደግሞ ከአንድ ነዋሪ በላይ አይዝም። አቅሜ የሚችለው ብቸኛው ማቆያ፣ ያ እዚሁ ግቢ ውስጥ ያለው፣ በበኩሉ ልጆችን የሚቀበለው ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ሲሆን፣ የሚመዘግበውም የግቢውን ነዋሪዎች ብቻ ነው። እንግዲህ ልጄ ማቆያ ለመግባት በበቃችበት ቀን እኛ ግቢውን እንለቃለን ማለት ነው። ከተወለደች ጀምሮ ተራ ስጠብቅለት የኖርኩት ማቆያ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። ደንቡን ያወጣው ኮሚቴ አንዱን ገጽ ሲጽፍ ሌላውን ገጽ እንዳያነብ ማን እንደከለከለው ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

፬. ባለፈው ሰኞ ልጄ ሁለት ዓመት ሞላት። ማክሰኞ ከበራችን ሥር ደብዳቤ ገብቶ አገኘሁ። የጽሕፈት ቤትዎ መዝገብ ያዥ ልጄን በነዋሪነት ሲመዘግቡ፣ ለአንድ ክፍል የሚጻፈው አንድ ስም ብቻ ስለሆነ፣ የእኔን ስም ሰርዘው የእሷን ተክተዋል። ደብዳቤው «ክብርት ተከራይ» ብሎ ይጀምርና፣ በክፍልዎ ውስጥ ያለ ፈቃድ የሚኖሩትን አንዲት ግለሰብ በአሥር ቀን ውስጥ እንዲያስወጡ በጥብቅ እናሳስባለን ይላል። ግለሰቧ እኔ ነኝ። ጎረቤቶቻችን ልጄን ድሮም «አለቃ» ይሏት ነበር፤ በማኅተም የጸናላት ግን አሁን ነው።

ስሕተቱ ይታረም ብዬ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መስኮት ሁለት ሄድኩ። እዚያ ያሉት ሠራተኛ ደግ ሴት ናቸው፤ ዓይኔን ላለማየት ወረቀት እያገላበጡ፣ ተቃውሞ የሚቀበሉት ከተከራይዋ ብቻ እንደሆነ ነገሩኝ። እናቷ እኮ ነኝ ብላቸው፣ «እሱማ ይገባኛል እህቴ፣ ሲስተሙ ግን አያውቅሽም» አሉኝ። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ።

ክቡር ሆይ፣ የመመረቂያ ጽሑፌን ላስረክብ የቀረኝ አራት ወር ነው። ከዚህ ክፍል ከወጣሁ ማቆያውም ስለሚቀር ልጄን ይዤ የምውለው እኔው ራሴ እሆናለሁ፤ ትምህርቱም እዚያው ላይ ያበቃል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው። ወይ ልጅሽን ወይ ትምህርትሽን ምረጪ ከተባልኩ ልጄን እመርጣለሁ፤ ይህንን እናንተም ታውቃላችሁ፣ የምትተማመኑትም በዚሁ ነው።

ትዕግሥትን ያለ ክፍያ ስላስተማሩኝ፣ ልጅ ሳነሳና ሳስቀምጥ ጎብጦ ከቀረው ወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ከማይለካ አክብሮት ጋር፣

ያለ ፈቃድ የምትኖረው ግለሰብ፣
ሕንፃ አራት፣ እስከሚመጣው ዓርብ ድረስ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ደንብዎን እስከ መጨረሻው ገጽ አነበብኩት፤ ከአዘጋጆቹ ቀድሜ ሳልሆን አልቀርም። ተከራይ በገዛ እጁ የጻፈውን ተቃውሞ በአሥሩ ቀን ውስጥ ካስገባ፣ የአቤቱታ ኮሚቴው ተሰብስቦ እስኪወስን ድረስ ከክፍሉ ማንም አይነቃነቅም ይላል። ተከራይዋ ዛሬ ጠዋት በደብዳቤዎ ጀርባ ላይ ከዳር እስከ ዳር በአረንጓዴ ከለር እርሳስ ተቃውሞዋን አስፍራለች። ከለሩን ያቀበሏት አክስቴ የምትላቸው ሴት ናቸው፤ እጇን የያዘ ግን የለም። መስኮት ሁለት ተቀብሎ ቁጥር ሰጥቶታል፤ ማኅተም የተመታበት ቅጂም ከዚህ ጋር ተያይዟል። ኮሚቴው ምልዓተ ጉባኤ አጥቶ ሳይሰበሰብ ሦስት ዓመት እንዳለፈው ሰምቻለሁ። እባክዎ ለእኛ ብለው እንዳይቸኩሉ፤ የሚያስፈልገኝ አራት ወር ብቻ ነው።