የተገፈፈው መደብ

ለእህቴ፣

ሰላምሽ ይብዛ። አንቺ፣ ባለቤትሽና ልጆቹ እንዴት ከርማችኋል? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኔ አለሁ፤ መኖር ከተባለ።

ባለፈው ስትመጪ ከጓሮ ስላስገፈፍሽው ጉዝጓዝ ሳልነግርሽ ቆየሁ። በስልክ እንዳልነግርሽ አታነሺም፤ ስታነሺም «ስብሰባ ላይ ነኝ» ነው።

የዚያን ዕለት በቲማቲሙና በጎመኑ ሥር የጎዘጎዝኩትን ድርቆሽና ቅጠል አይተሽ አፍንጫሽን ያዝሽ። «እናታችንን ቆሻሻ ላይ ነው እንዴ የምታኖሪያት?» አልሽኝ፣ ያውም ባልሽ ፊት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የአፈሩን እርጥበት የሚይዝልን እሱ መሆኑን ላስረዳሽ አፌን ስከፍት፣ አንቺ የቀን ሠራተኛ ጠርተሻል። ጠራርጎ አቃጠለው። የተራቆተውን የአትክልት መደብ ፎቶ አንስተሽ ለአጎቶቻችን ላክሽ፤ «እሷ ባትደርስ ኖሮ» ተባለልሽ። እኔ ሰነፍ ተባልኩ።

በሄድሽ በሳምንቱ አፈሩ ተሰነጣጠቀ። እማዬ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ጓሮዋን የምታየው በእጇ ነው። ጠዋት ጠዋት መዳፏን ከጉዝጓዙ ሥር ሰደድ አድርጋ ቀዝቀዝ ሲላት ፊቷ ይፈታ ነበር። ያን ቀን የነካችው ግን የጋለ ድንጋይ ነው። «ማነው ያራቆተብኝ?» አለች። ስምሽን ከምላሴ ጫፍ መለስኩት። «ነፋስ ነው» አልኳት። ከዚያ ወዲያ ከአልጋ መውረድ ጠላች።

እኔም ከስፌት ቤት ስወጣ ጆንያ ይዤ ከየአጥሩ ሥር ቅጠል ስለቅም፣ ከኳስ ሜዳው የታጨደ ሣር ስሸከም ሰነበትኩ። ደንበኞቼ «ከብት ገዛሽ እንዴ?» እያሉ ሳቁብኝ። አፈሩን አርሼ አጠጣሁ፤ ግንዱ እንዳይበሰብስ ፈቀቅ አድርጌ አለበስኩት። ቲማቲሙ ነፍስ ዘራ። እማዬን ደግፌ አውጥቼ አስነካኋት። ፊቷ በራ። «ያቺ ልጄ መጥታ ነው! ድሮም ባለሙያ ናት» አለች። አንቺን ማለቷ ነው። የማበላት፣ የማጥባት፣ የምሸከማት እኔ፤ ሙያው ያንቺ። ጎረቤታችን ባልቴት «ኧረ ይቺው ናት!» ልትል ስትል ዓይኔን አፍጥጬ ዝም አሰኘኋት። ደስታዋን እንዴት ልንጠቃት?

ሐሙስ እማዬ ሲብስባት ደጋግሜ ስደውልልሽ አላነሳሽም። ላንቺ ልትለው የፈለገችውን ለእኔ አለችው፤ እጄን ይዛ፣ አንቺን መስዬያት። «ጓሮዬን እንዳለበስሽ አምላክ ያልብስሽ። የነካሽው ይለምልም። እህትሽን አደራ፤ እኔ ከሌለሁ ማንም የላትም» አለች። እኔው ስለ ራሴ አደራ ተቀበልኩ። «አሜን» አልኳት፣ ድምፄን ያንቺ አስመስዬ።

ምርቃቱ ያንቺ ነውና ይኸው ይድረስሽ። አደራውን እንደፈቀድሽ። ለመምጣት አትጣደፊ። ሠልስቷ ወጥቷል፣ አልጋዋንም አውጥተነዋል፤ ስትመጪ ማደሪያ አታጪም።

ጤናውን ይስጥሽ። ልጆችሽ ይጡሩሽ።

ታላቅ እህትሽ