በኢልሃም ካርድ ላይ የጻፍኩት

ሰኞ

የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። ልካደው ብልም አልችልም፤ ከሥሩ ፊርማዬ አለ። «እናት ቸልተኛ። ብሬስ በአግባቡ አታደርግላትም። አቋርጣለች።»

የሆስፒታላችን ዶክተር ሰለሞን ጥናት እየሠራ ነው። ቆልማማ እግር ይዘው ተወልደው ሕክምና የጀመሩ ልጆች ለምን መሃል ላይ ይጠፋሉ የሚል። ጄሶ ክፍል ያረጀሁት እኔ ስለሆንኩ ያቋረጡትን ካርድ እየፈለግሽ አውጪልኝ አለኝ። ሳወጣ ዋልኩ፤ አቧራው ጉሮሮዬን ዘጋው። ከሰዓት የኢልሃም ካርድ ወጣ። የመንጌ ወረዳ ልጅ፣ እናቷ ሐዋ።

ወዲያው አስታወስኳቸው። የልጅቷን እግር በጄሶ አቅንተን ብሬስ ሰጥተናት ነበር። ሁለት ጫማ በብረት የተያያዘ ነው፤ እግሩ ተመልሶ እንዳይዞር ልጆቹ ተኝተው ያደርጉታል። ኢልሃም ያኔ ዓመት ቢሆናት ነው። ሐዋ ለቀጠሮ ስትመጣ ሳምንት ሙሉ አውልቃላት ነበር። የልጅቷ ተረከዝ ቆስሏል። እኔ ቁስሉን አይቼ እንዳላየ ሆንኩ። በዚያ ሁሉ እናት ፊት ጮህኩባት። «ደግመሽ ካወለቅሽው እዚህ በር ላይ እንዳላይሽ!»

ለሁሉም እንደዚያ ነው የምላቸው። ካልተቆጣኋቸው አይሰሙም ብዬ ነበር። እኮራበትም ነበር፣ ምን እዋሻለሁ።

ማክሰኞ

መጠይቁ ላይ «ያቋረጡበት ምክንያት» የሚል አለ። አንድ፣ ርቀት። ሁለት፣ የመጓጓዣ ችግር። ሦስት፣ ቤተሰብ አልፈቀደም። አራት፣ የወላጅ ቸልተኝነት። ሐዋን አራት ላይ ላስገባት እስክሪብቶ አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። ተረከዝ ከቆሰለ ጫማው አልገጠመም ማለት ነው። ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይ መልሼዋለሁ እኮ!

መንጌ ላለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ለአስያ ደወልኩ። ታውቃቸዋለች። «ልጅቷ ደህና ናት ሲስተር፤ ግን ታነክሳለች» አለችኝ። ምሳ አልበላሁም።

ረቡዕ

ጄሶ ክፍሉ ሞልቶ ዋለ። አንዲት ከሆሞሻ ወረዳ የመጣች እናት የልጇን ጄሶ አርጥባ መጣች። «አንቺ ሴትዮ…» ብዬ ጀምሬ ዋጥኩት። «እንዴት ረጠበ?» አልኳት። ለካ ጣሪያቸው ያፈሳል። ስንት ዓመት ሙሉ እንዴት ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። «ከወሎ አምጥተው እዚህ ሲያሰፍሩን ክሊኒክ የሚያመናጭቁን ነበሩ። አንቺም እነሱን ሆንሽ?» ብላኝ ወደ ሶላቷ ሄደች።

ነገ መንጌ፣ ሐዋ ጋ እሄዳለሁ። የምይዘው፦ ሜትር፣ አዲስ ካርድ፣ የጭቃ ጫማ፣ ለኢልሃም ብስኩት። ለሐዋ ምን ይወሰዳል? ይቅርታ በፌስታል አይቋጠር።

ሌላ ሰው ይሂድልኝ ልለው ሁለቴ ዶክተር ሰለሞን በር ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። ፈሪ።

ሐሙስ

ሐዋን ያገኘናት ወንዝ ውስጥ ነው፤ እስከ ጉልበቷ ገብታ ወርቅ ስታጥብ። አስያ ጠራቻት። ቀና ብላ አየችኝ። ትሸሸኛለች ብዬ ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ጨበጠችኝ። አማርኛዋ የተሰባበረ ነው፤ ወንድና ሴት አይለይም። «ሲስተር፣ ደህና ነህ?»

ኢልሃም እየሮጠች መጣች። አራት ዓመት ሆኗታል፤ ሳቂታ ናት። ቀኝ እግሯ ግን ወደ ውስጥ ዞሯል፤ የምትረግጠው በውጭ ጠርዙ ነው። እዚያ ላይ ቆዳዋ ደድሯል። ያረቢ! እኔ ያቀናሁት እግር ነው።

ለምን እንደቀረች ጠየቅኳት። ቅያሜም የላትም። «አንተ ካወለቅህ አትምጣ አለ። ቁስል ነበር፣ እኔ አወለቀ። ስለዚህ አልመጣም።» ያልኳትን ነው የፈጸመችው።

ቤቷ ወስዳ ብሬሱን አሳየችን። በጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። የሁለቱም ጫማዎች ጫፍ በቢላ ተቆርጧል። ቁስሉ ሲድን መልሳ አድርጋላታለች። እግሯ ሲያድግ ጣቶቿ እንዲወጡ ቆረጠችው። ተረከዟ ጭራሽ አልገባ እስኪል ድረስ ስታደርግላት ከርማለች፣ ማንም ሳያግዛት። እኔ ቸልተኛ ብዬ ፈርሜ ተቀምጫለሁ። እዚያው አለቀስኩ። አስያ አይታ እንዳላየች ዞር አለችልኝ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው ሐዋ። ሰኞ አሶሳ አምጪልኝ» አልኳት። «እሺ» አለች። እሺታዋ የምር ይሁን የይሉኝታ አላወቅኩም።

ዓርብ

ለዶክተር ሰለሞን ሁሉንም ነገርኩት። ያነሳሁትን የእግሯን ፎቶ ደጋግሞ አየ። እንደገና ለጥቂት ሳምንታት ጄሶ፣ ከዚያ የጅማቷን ቦታ የሚቀይር ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል አለ። ይቃናል፤ ግን ብዙ መዘግየት የለበትም። ያኔ ብትመለስ ኖሮ ልኳ የሆነ ጫማ መስጠት ብቻ ነበር። ይሄን እሱ አላለኝም፤ እኔው አውቀዋለሁ።

መጠይቁ ላይ አምስተኛ ምክንያት ይጨመር አልኩት፦ የባለሙያ ቁጣ። «ማነው የተቆጣው ብለው ይጠይቃሉ እኮ» አለኝ። «ይጠይቁ። እኔ ነኝ።» በእርሳስ ጻፈው። እኔ በእስክሪብቶ ደገምኩበት።

እሑድ

ሲዘንብ ዋለ። የመንጌን መንገድ አውቀዋለሁ፤ ሲጨቀይ አያሳልፍም። የአስያ ስልክ አይሠራም። ያኔ ምነው አፌን በያዘኝ!

ሰኞ

ሦስት ሰዓት፣ የለችም። አራት፣ የለችም። አምስት ሰዓት ላይ ወረፋው አለቀ። ጓንቴን አውልቄ ወደ ግቢው ወጣሁ።

ከማንጎው ሥር ቆማለች። ኢልሃም ጀርባዋ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል፤ የሁለቱም ልብስ ጭቃ በጭቃ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ናት አለኝ ዘበኛው፤ ግቢ ቢላት እምቢ ብላዋለች። በር ላይ እንዳላይሽ ብያት የለ? ሰኞ አምጪልኝ አልኳት እንጂ የበሩን ክልከላ መች አነሳሁላት።

እጇን ይዤ አስገባኋት። ጄሶውን እኔው አሰርኩ። ከአሁን በፊት እንደዚያ ቀስ ብዬ አስሬ አላውቅም። ስጨርስ ሐዋ ጄሶውን በጣቷ ነካ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«ሲስተር፣ ቁስል ከሆነ… ልመጣ ነው?»

«ነይ» አልኳት። «አውልቀሽውም ቢሆን ነይ።»

ራሷን ነቀነቀች። ቀጣዩ ቀጠሮ የዛሬ ሳምንት ነው። ታምኚኛለሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኳትም፤ ምን መብት አለኝ።