ለጨረር ክፍሉ አንድ ሰው ይበቃል ላሉት ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ አቶ ስቴይናር ኩልሴት
የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ጤናዎን አጥብቀው ይያዙት፤ ከመጪው ወር ጀምሮ በእርስዎ ቤት መታመም አይመከርም። እኔ በየማለዳው ከደሴቱ በጀልባ እየተሻገርኩ ለፕሮስቴት ካንሰር ጨረር የምወስድ፣ ሚስቴን የቀበርኩ፣ ትምህርቴም ከሰባተኛ ክፍል ያላለፈ ዓሣ አጥማጅ ነኝና የጽሑፌን ጉድለት በትልቁ ዲግሪዎ ይሸፍኑልኝ።

በጋዜጣ «ሥራውን የሚሠራው ማሽኑ ነው፣ ባለሙያዋ ቁልፍ ብቻ ነው የምትጫነው» ብለው፣ ከሁለቱ የጨረር ባለሙያዎቻችን ቤንተን ከመጪው ወር ጀምሮ ሊያሰናብቱ መሆኑን አነበብኩ። ስላስተማሩን እያመሰገንኩ ጥቂት ላሳስብዎ።

፩ኛ፦ የሽንት ፊኛዬ በልኩ ካልሞላ ጨረሩ አንጀቴን ያገኘዋል። ሌላዋ ቁልፍ ተጫኝ ሬይዱን፣ ውሃ ሳልጠጣ ጠጣሁ ብዬ ስዋሽ ገና ከበር ታውቅብኛለች።

፪ኛ፦ ለምልክት ዳሌዬ ላይ የተነቀሱትን ነጥቦች ከማሽኑ የብርሃን መስመር ጋር ለማጋጠም ሁለቱ ከግራና ከቀኝ በሚሊሜትር ይገፉኛል። በሰባ ስምንት ዓመቴ ማንም ገፍቶኝ አያውቅም፤ እነሱ ግን «አያግዙን አባባ፣ እንደ ጆንያ ይተኙልን» ብለው አሸንፈውኛል። ቤንተ ስትሄድ በባዶው ጎን እርስዎ እንደሚቆሙ አምናለሁ።

፫ኛ፦ በየቀኑ ስምና የልደት ቀን መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው ብለዋል። እኔም እንዲሁ እል ነበር። ባለፈው ማክሰኞ «ኢንግቫልድ ሃውገ» ተብሎ ሲጠራ ገብቼ ተጋደምኩ። ሬይዱን የልደት ቀኔን ስትጠይቀኝ «አንቺ ልጅ፣ ሃያ ሁለት ቀን ነግሬሽ አልበቃሽም?» አልኳት። «ሃያ ሦስተኛውንም ይንገሩኝና ይገላገሉኝ» አለች። በቁጣ ነገርኳት። ይሄኔ ስክሪኑን የምታነበው ቤንተ «ቆይ፣ ቆይ! ይሄ የሳቸው አይደለም!» ብላ ጮኸች። የተጠራው ለሳንባው የሚታከመው የአጎቴ ልጅ ኖሯል። በአገራችን ደንብ ሁለታችንም የአያታችንን ስም ወርሰናል። እሱ ጆሮው ስለሚከብድ አልሰማም፤ እኔ ኩራቴ ስለሚከብድ «የትኛው?» ብዬ አልጠየቅሁም። አንዷ ብቻዋን እያቀናችኝም፣ እየጠየቀችኝም፣ እያነበበችም ቢሆን ኖሮ፣ የዘመዴን ጨረር ለደህናው ሳንባዬ በወሰድኩ ነበር።

፬ኛ፦ ከባዱ በር ተዘግቶ ብቻዬን ስቀር፣ በድምጽ ማጉያው «እያየንዎት ነው» የምትለኝ ቤንተ ናት። ይህንንም ማሽኑ የሚችል ከሆነ፣ ካቻምና ሚስቴ ስትሞት አንድ ለቤቴ ቢልኩልኝ ጥሩ ነበር።

ለእኔ አሥራ አንድ፣ ለአጎቴ ልጅ አሥራ ዘጠኝ የጨረር ቀን ይቀራል። ስለዚህ ቤንተ በቦታዋ እንድትቆይ በትሕትና አዝዛለሁ፤ መለመን አልተማርኩም።

ዝቅ ብሎ እጅ እንዳይነሳ ወገቡ የከለከለው አክባሪዎ፣
ኢንግቫልድ ሃውገ

ማሳሰቢያ፦ ጸሐፊዎን ደውዬ ብጠይቅ ለደብዳቤ መልስ ስምንት ሳምንት ይፈጃል አለችኝ። ግድ የለም። ፖስታው ላይ ኢንግቫልድ ሃውገ ብለው ይጻፉበት፤ ከሁለታችን በሕይወት ያለው ይከፍተዋል።